እግሩ የታለ?

የሟቹን የቤሊዙን ጋሪፉና የአንዲ ፓላሲዮን «ዋቲና» (2007፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሰምተን ስናበቃ «እግሩ የታለ?» አልን።

ጋሪፉናዎች በካሪቢያን ባሕር በሴንት ቪንሰንት ደሴት ከአፍሪካውያንና ከነባሩ ሕዝብ የተወለዱ ናቸው። እንግሊዞች በ1797 አፍሰው ወደ ሮአታን አጋዟቸው። ቋንቋቸው ግንዱ አራዋክ ነው። ታዲያ «ከበሮው የአፍሪካ፣ ቃሉ የደሴቲቱ» እያለ የሚከፋፍል ሐያሲ አይጠፋም። እንዴ! ዘፈን እንደ ቅርጫ ሥጋ ይመደባል እንዴ? ዋናራጓ በሚሉት ጭፈራ አንዱ ከበሮ ምቱን ይጠብቃል፤ መሪው ከበሮ ግን የጨፋሪውን እግር እያየ ነው የሚመታው። ጨፋሪው ጉልበቱ ላይ ያሰረው ዛጎል ደግሞ ይመልስለታል። ይህን የቱ ጋ ሊቆርጡት ነው?

ፓላሲዮ በ1980 ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኒካራጓ ሄዶ፣ ከሽማግሌዎች በቀር ቋንቋውን የሚናገር ጋሪፉና ማጣቱ አስደንግጦታል። ስለዚህ ቃሉን ማስቀደሙ ይገባናል። አዛውንቱ ፖል ናቦር ሲገባማ ዝም ነው ያሰኘን። ሆኖም ጊታሩ ከፊት ተቀምጦ ከበሮው ከኋላ በልክ በልክ ሲሄድ፣ የሚያየው እግር ያጣ መሰለን። አንድ ዘፈን ላይ እንኳ ያ ዛጎል ጎልቶ ሲንኳኳ ብንሰማ በወደድን ነበር።