«ኤክስ 7 አር» የሚለው ምልክት በቆቦ ሜዳ ሲመረመር

ከዞብል ተራሮች በስተምዕራብ በተዘረጋው የቆቦ ሜዳ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ማሽላውን በጎርፍ ሲያጠጣ ኖሯል፤ ዛሬ ደግሞ ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚሳብ ውሃ ታክሎለታል። ብዙውን ፓምፕ የሚያዝዘው በብረት ሣጥን ውስጥ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳውም ላይ አንዳንዶቹ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፥ የኤሌክትሪክ ሙልን ለጊዜው የሚይዙ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢበላሽ ፓምፑ ሊቆም፥ ቡቃያውም ሊጠወልግ ይችላል።

ሻጭም መሐንዲስም የሚመካበት ምልክት «ኤክስ 7 አር» ይባላል። ኤክስ ከዜሮ በታች 55፥ 7 ደግሞ 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው፤ አር፥ የመያዝ ዐቅሙ በ25 ዲግሪ ከነበረው ከመቶ 15 በላይ አይለዋወጥም ይላል። የራያ ፀሐይ ያጋለው ሣጥን እንኳ ከ125 ዲግሪ እጅግ በታች ነውና፥ አንባቢ «ታዲያ ምን ጎደለ?» ይል ይሆናል።

የጎደለው ብዙ ነው። ቋሚ ቮልቴጅ ሲጫንበት እንዲህ ያለው ካፓሲተር የዐቅሙን ግማሽና ከዚያም በላይ ሊያጣ ይችላል፤ ምልክቱ ግን ይህን አያነሣም። ከሁሉ የከፋው ስለ ዕድሜ ዝም ማለቱ ነው።

ዕድሜውን በብዙ የሚወስነው ምድጃው ነው። የባሪየም ቲታኔት ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ተለውሶ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይዘረጋል፤ ኒኬል ይታተምበታል፤ ንጣፎቹም ተደራርበው ከተቆረጡ በኋላ በ1,200 ዲግሪ ገደማ ይተኰሳሉ። ኒኬል ኦክስጅን ካገኘው ስለሚበላሽ ምድጃው አየር እንዲያጥረው ይደረጋል። ይህን ሸክላ ሠሪዎቻችን በሌላ መልኩ ያውቁታል፤ በታፈነ ጭስ የተተኰሰ ገንቦ ጠቁሮ ይወጣል። በካፓሲተሩ ግን የሚተርፈው ኦክስጅን የጎደለበት ክፍት ቦታ ነው። ሙቀትና ቮልቴጅ ሲበረቱ እነዚህ ክፍተቶች ቀስ በቀስ ወደ ኔጋቲቩ ኤሌክትሮድ ይጓዛሉ፤ ኤሌክትሪክን ከልክሎ የነበረው ሴራሚክም ማሾለክ ይጀምራል። ትጉህ አምራች እንደ ዲስፕሮሲየምና ኢትሪየም ያሉትን በጥቂቱ ጨምሮ፥ ከተኰሰም በኋላ መጠነኛ ኦክስጅን ባለበት ዳግመኛ አግሎ ይህን ይገታል። ቸልተኛውም ቢሆን ያንኑ «ኤክስ 7 አር» ከመጻፍ የሚያግደው የለም።

ፕሮኮፖዊችና ቫስካስ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ቀመር ዕድሜን ከሙቀትና ከቮልቴጅ ጋር አንድ ላይ ያያይዛል። የቮልቴጁ ኀይል 3 ነው ብንል፥ ቮልቴጁን በግማሽ መቀነስ ዕድሜውን ስምንት ዕጥፍ ያደርገዋል። እንግዲህ 50 ቮልት በሚሠራበት ቦታ የ100 ቮልቱን መግጠም ቅንጦት አይደለም። ሰዓት ለሚቆጥረው ክፍል ደግሞ «ሲ 0 ጂ» የሚባለው ይሻላል፤ ለውጡ በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 30 አያልፍም፤ ነገር ግን በዚያው ስፋት የሚይዘው እጅግ ያነሰ ነው።

ለመስኖ ሣጥን የሚዘጋጅ የግዢ ወረቀት በሦስቱ ፊደላት ብቻ መርካት የለበትም፤ በ125 ዲግሪ ስንት ሰዓት፥ በስንት ቮልቴጅ እንደ ተፈተነ፥ ከዚያም በኋላ ማሾለኩ ምን ያህል እንደ ሆነ አምራቹ በጽሑፍ እንዲያቀርብ መጠየቅ አለበት።