ገዳዩ ማን ቢሆን ምን ያገባናል? ስለ «ሃውስፉል 5»

«ሃውስፉል 5»ን ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። ስለወደድኩት ግን አይደለም። ፊልሙ በጁን 2025 ሲወጣ በአንድ ቀን ሁለት ቅጂ ሆኖ ነው ሲኒማ ቤት የገባው፦ 5ኤ እና 5ቢ። ሁለቱም ያው ፊልም ናቸው፤ የሚለያዩት መጨረሻቸው ላይ ነው። በአንዱ ገዳይ ሆኖ የተያዘው ሰው በሌላው ንጹህ ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። አንድ ነገር ኤ እና ቢ ተብሎ ሲቀርብልኝ ሁለቱንም ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ኦንላይን ሲመጣ የመጀመሪያውን ከእናቴ ጋር፣ ሁለተኛውን ብቻዬን አየሁ።

ሁለተኛውን ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ገዳዩ ተቀይሯል። ከዚያ በፊት ባለው ሁለት ሰዓት ከምናምን ውስጥ ግን ለዚህ ሲባል የተቀየረ ነገር አላየሁም። ቀልዱ ያው፣ ጭፈራው ያው፣ ሩጫው ያው። የግድያ ታሪክ ገዳዩ ተነቅሎ ሌላ ሲተከልበት ምንም ካልተሰማው፣ መጀመሪያውኑ ከገዳዩ ጋር የተያያዘ ነገር አልነበረውም ማለት ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ኮድ ሲገኝ «ማንም አይጠራውም» እንላለን። ብታጠፋውም ፕሮግራሙ ይሠራል።

ለምን ብዙ ጠበቅኩ? መነሻ ሐሳቡ ጥሩ ስለሆነ ነው። አንድ ቢሊየነር 100ኛ ዓመት ልደቱ በትልቅ መርከብ ላይ ሊከበር ሲል ይሞታል። ኑዛዜው ሀብቱን «ጆሊ» ለሚባል ልጁ ይሰጣል። ከዚያ አንድ ሳይሆን ሦስት ጆሊዎች ሚስቶቻቸውን ይዘው ከች ይላሉ፦ አክሻይ ኩማር፣ አቢሼክ ባችቻንና ሪቴሽ ዴሽሙክ። ቀጥሎ በመርከቡ ላይ ግድያ ይፈጸማል፤ ከባሕሩ መሃል ደግሞ መውጫ የለም። ሦስት ውሸታም፣ አንድ ውርስ፣ አንድ ሬሳ፣ የተዘጋ በር። ለኮሜዲ ከዚህ የተሻለ ምን ይሰጣል?

ዳይሬክተሩም ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር። ታሩን ማንሱካኒ በ2008 «ዶስታና»ን የሠራ ሰው ነው። እዚያ ሁለት ወንዶች ማያሚ ውስጥ ቤት ለመከራየት ሲሉ ፍቅረኛሞች ነን ብለው ይዋሻሉ፤ የቀረው ፊልም ያቺን አንዲት ውሸት ተከትሎ ይሄዳል። ውሸት እንዴት ሌላ ውሸት እንደሚወልድ ያውቃል ብዬ ነበር።

እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ በየአሥር ደቂቃው «አንተ፣ ይሄኛው ደግሞ ማነው?» ትለኝ ነበር። መጀመሪያ በትዕግሥት መለስኩላት። በኋላ ግን እኔም የማውቀው የተዋናዩን ስም እንጂ የገጸ ባሕርዩን ማንነት እንዳልሆነ ገባኝ። «ሳንጃይ ዳት ነው እማ።» «እሱንማ አየሁት፣ ምን ሊያደርግ መጣ?» መልስ የለኝም። ሳንጃይ ዳትና ጃኪ ሽሮፍ ፖሊሶች ናቸው፤ የአንዱ የታወቀ ቅጽል ስም ለሌላው ተሰጥቷል፣ ቀልዱ ይሄው ነው። ቦሊውድን የሚከታተል ሰው አንዴ ፈገግ ይልበታል። እናቴ ግን ቅጽል ስማቸውን አታውቅም፤ ለእሷ ሁለት ሽማግሌዎች ገብተው ጮኹ፣ በቃ።

ይህች እናት ሂንዲ ሳታውቅ በህንድ ኮሜዲ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ያየኋት ናት። ልጅ ሆኜ ታላቅ ወንድሜ ከሲዲ ማከራያ «ሄራ ፌሪ»ን ይዞ መጣ፤ ፕሪያዳርሻን በ2000 የሠራውን፣ ያኔም አክሻይ ኩማር ያለበትን። የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ለማንበብ አትደርስበትም ነበር፤ ግን ምንም አላመለጣትም። ከሥራ ሥራ የሚዞር፣ በአቋራጭ መበልጸግ የሚመኝ ሰው አለ። የሞተ አባቱን የባንክ ሥራ ለማግኘት ደጅ የሚጠና ሌላ አለ። ሁለቱን የሚያስጠጋ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ራሱም ዕዳ ያለበት አከራይ አለ፤ ፓሬሽ ራዋል። የስልክ ማውጫ ላይ ቁጥር ተሳስቶ ይታተምና አንድ አጋች ለሀብታም የደወለው ስልክ እነዚህ ድሆች ቤት ይጮኻል። እነሱም ገንዘቡን እጥፍ አድርገው ለሀብታሙ ይነግሩና ልዩነቱን ለመውሰድ ያስባሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ትርምስ በሙሉ ከዚያች ስልክ የተመዘዘ ነው። እናቴ ቋንቋውን ባትሰማም ችግሩን ታውቀዋለች። የቤት ኪራይ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

ታዲያ «ሃውስፉል 5» ላይ ሦስቱ ጆሊዎች ገንዘቡን ለምን ፈለጉት? ሰው ገንዘብ ይፈልጋላ፣ ትሉኝ ይሆናል። ግን እኮ ኮሜዲ የሚጀምረው አንዱ ሰው ከሌላው ለየት ያለ ነገር ሲፈልግ ወይም ሲፈራ ነው። አንዱ ፈሪ፣ አንዱ ስግብግብ፣ አንዱ ሐቀኛ ቢሆኑ ያው ሬሳ ሦስት ዓይነት ሳቅ ያመጣል። የሪቴሽን ንግግር ወስዳችሁ ለአቢሼክ ብትሰጡት ግን እዚህ ፊልም ላይ የሚፈርስ ነገር የለም። ሪቴሽ ጥሩ የኮሜዲ ሰዓት ያለው ተዋናይ ነው፤ ናና ፓቴካርም ዘግይቶ ሲገባ ቤቱን ትንሽ ያሞቀዋል። የሁለቱም ችሎታ ያላቸው ነው እንጂ ስክሪፕቱ የሰጣቸው አይደለም።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ ይብሳል። ጃክሊን ፈርናንዴዝ፣ ናርጊስ ፋክሪ፣ ሶናም ባጅዋ፣ ቺትራንጋዳ ሲንግ፣ ሳውንዳሪያ ሻርማ፤ አምስት ተዋናይት። ከአንዷም የማስታውሰው አንድ ሐሳብ የለም። ካሜራው ከፊታቸው ይልቅ ሰውነታቸውን ያውቃል፤ ቀልዱም በእነሱ ላይ ይቀለዳል እንጂ እነሱ አይቀልዱም። ከእናቴ አጠገብ ተቀምጬ ስልኬን የምነካካ መስዬ ያሳለፍኳቸው ትዕይንቶች አሉ። የሞራል ጉዳዩን ለጊዜው እንተወውና በሥራ ዓይን ብቻ ብናየው እንኳ፣ አምስት ሰው ቀጥሮ ምንም አለማሠራት ብክነት ነው።

ለእንዲህ ያለ ትችት የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ኮሜዲ ነው፣ አእምሮህን ቤት ትተህ እየው።» አልስማማም። ከኮሜዲ በላይ አእምሮ የሚጠይቅ ነገር የለም። ድራማ ላይ አንድ ምክንያት ቢጎድል ለቅሶው ይሸፍነዋል። ቀልድ ላይ ግን አንዱ ደረጃ ከጎደለ ሳቁ አይመጣም፤ ማስመሰልም አይቻልም። አእምሯችንን ትተን ከመጣን ያንን ደረጃ ማን ይወጣዋል?

«ሁለት መጨረሻ ማድረግ በራሱ ስህተት ነው ወይ?» ለሚል፣ አይደለም። በ1985 የወጣው የአሜሪካኖቹ «ክሉ» ሦስት መጨረሻ ነበረው፤ የተለያዩ ሲኒማ ቤቶች የተለያየውን ያሳዩ ነበር። ሲወጣ አልተሳካለትም፤ ኋላ ላይ በቪዲዮ ሦስቱም ተከታትለው ሲታዩ ግን ብዙ ወዳጅ አፈራ። እዚያም ገዳዩ ይቀያየራል፤ ታዲያ ያ ለምን አላናደደኝም? ምክንያቱም «ክሉ» ውስጥ እራት የተጠሩት ሰዎች ሁሉ ምስጢራቸው የተያዘባቸውና ገንዘብ የሚጠየቁበት ናቸው። ሁሉም ለመግደል ምክንያት አላቸው። ማንም ገዳይ ሊሆን የቻለው ሁሉም ስለሚጠረጠሩ ነው። «ሃውስፉል 5» ላይ ማንም ገዳይ ሊሆን የቻለው ማንንም በቅጡ ስለማናውቀው ነው። በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፤ አንዱ ከመትረፍረፍ፣ ሌላው ከባዶነት የመጣ ነው።

ከሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አንድን ገጽ እንዴት እንደምንሠራው ቡድናችን ተከራከረ። መስማማት ሲያቅተን ሁለቱንም ሠርተን ለተጠቃሚ በተንን፤ ውጤቱ ይፍረድ አልን። ሳምንታት ጠብቀን ስናየው ልዩነት የለም። ሁላችንም ሌላ ሦስተኛ ዲዛይን ልናመጣ ስንል አንዲት ባልደረባችን «ግን ይሄ ገጽ ለምንድነው የሚያስፈልገው?» አለች። ዝም አልን። ገጹን አጠፋነው፤ ማንም አልጠየቀን። ኤ ቢ ቴስት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ምን እንደምንሠራ መወሰን ሲያቅተን መደበቂያም ይሆናል። እኔም ተደብቄበታለሁ። ለዚህ ይሆናል ፊልሙ ላይ እንዲህ የጨከንኩት።

ሁለት መጨረሻ ሁለት ትኬት ለመሸጥ ብልሃት ነው፤ ይገባኛል፣ ሲኒማም ንግድ ነው። ግን ፊልም ሠሪ «ገዳዩ ይህ ሰው ነው» ብሎ ቢወስን ወደ ኋላ ተመልሶ ሁሉንም ነገር ለማስተካከል ይገደድ ነበር፦ ያ ሰው ያን ማታ ለምን ሳቀ፣ ያቺ ሴት ለምን ዝም አለች። ጽሑፍ የሚሻሻለው እዚያ ላይ ነው። ሁለቱንም እንያዝ ሲባል ያ ሥራ ይቀራል።

የመጀመሪያውን አይተን ስንጨርስ እናቴን «ሌላ መጨረሻም አለው፣ ላሳይሽ?» አልኳት። «ሌላ ሰው ነው የገደለው?» «አዎ።» ትንሽ አሰበችና ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ተነሳች። «ያ መነጽራሙ ሰውዬ ያለበትን ካገኘህ ጥራኝ» አለችኝ።