ካርታው ያልጎደለ መጽሐፍ

ጥንታዊ የጉዞና የቅየሳ መጽሐፍ ሲቀርብልኝ ቀድሜ የምፈልገው ታጣፊውን ካርታ ነው። እሱ ከሌለ ጥራዙ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ አልጠይቅም። የውጭ አገር አሳሾች ስለ አገራችን ካወሩት ይልቅ የለኩትና የሣሉት ይበልጥብኛል። ለምላጭ የሚጋለጠውም እሱው ነው። ካርታ በመስታወት ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ለብቻው ቶሎ ይሸጣል። መጽሐፉን ገነጣጥሎ ቅጠል በቅጠል የሚቸበችብ ነጋዴም አይጠፋም።

የጄምስ ብሩስን የዓባይ ምንጭ ፍለጋ መጽሐፍ እንውሰድ። በ1790 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በኤድንበርግ በአምስት ትልልቅ ቅጾች ታተመ። የዕፀዋቱና የአራዊቱ ሥዕሎች፣ ኮሶውም ጭምር፣ የሚገኙት በአምስተኛው ቅጽ ነው። አራቱን ብቻ ይዞ «ታሪኩ ሙሉ ነው» ከሚል ሻጭ ጋር አልስማማም። አምስተኛው ቢኖርም ሥዕሎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ግድ ነው። የመዳብ ቅርጽ የሚታተመው እርጥብ ወረቀት ላይ በኃይል ተጭኖ ስለሆነ፣ በሥዕሉ ዙሪያ ገባ ያለ አራት ማዕዘን ይተዋል፤ ዓይንን ጨፍኖ በጣት ጫፍ ቢዳስሱት ይታወቃል። በኋላ ዘመን በፎቶግራፍ የተባዛው ግን ልሙጥ ነው፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩት ጥላው ወደ ነጠብጣብ ይበተናል። ተቀድዶ የወጣውን ደግሞ መጽሐፉ ራሱ ያጋልጣል። የሥዕሉ ቀለም ፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ላይ ፈዘዝ ያለ አሻራ ያሳርፋልና፣ የወፍ አሻራ አይቼ ወፏን ካጣሁ ወደ ስፌቱ ገልጬ የተቆረጠውን የወረቀት ጉማጅ እፈልጋለሁ።

ሥዕሎቹ ሙሉ ሆነው ሲገኙም ማን ሣላቸው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብሩስ አብሮት የነበረውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ወደ ጎን ገፍቶታል፤ ወደ ግሽ ዓባይ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎም ጽፏል። ባሉጋኒ ግን በ1770 መጨረሻ ምንጩ ዘንድ አብሮት ቆሟል፤ የሞተው በሚቀጥለው ዓመት ጎንደር ነው። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም፤ አምስተኛውን ቅጽ ለሰው ሳሳይ የባሉጋኒን ስም ሳልጠራ አላልፍም። ጀርመናዊውን ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍን የማከብረውም በተቃራኒው ሥራው ነው። ስለ ኢትዮጵያ ያስተማሩትን አባ ጎርጎርዮስን በስም ከመጥቀስ አልፎ፣ በ1691 ባሳተመው ሐተታ ውስጥ ምስላቸውን አስቀርጾ አኑሯል።

ከሁሉም የምወደው ግን ሥዕል የማይበዛበትን ነው። አንትዋን ዳባዲ ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በአገራችን ተዘዋውሮ የለካው፣ ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ የታተመው የምድር ልኬት መጽሐፍ ገጹ ሁሉ አኃዝ ነው። ሰውየው ተራራ ጫፍ ላይ ቴዎዶላይት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ተክሎ በዙሪያው ወደሚታዩት ጫፎች ማዕዘን ይለካል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ተሻግሮ እንደገና ይለካል። ከፍታውን የሚገምተው ውኃ በሚፈላበት ሙቀት ነው። ሰብሳቢዎች ይህን መጽሐፍ ደረቅ ነው ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን አይሰለቸኝም። መሣሪያው ማዕዘኑን ይሰጣል እንጂ የተራራውን ስም አይነግርም። ስሙን የነገረው እዚያው የሚኖር ሰው ነው፤ ዳባዲም በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት እስከ ማሳተም የደረሰ ስለነበር የሚነገረውን ሊሰማ ይችል ነበር።

በትጋት መለካት ግን ከስህተት አያድንም። ዳባዲ የጊቤን ምንጭ የነጭ ዓባይ ምንጭ አድርጎ አውጆ ነበር። ጊቤ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ የጣሊያናዊው አሳሽ የቦቴጎ ጓድ በ1896 ወንዙን ተከትሎ አረጋገጠ። ቦቴጎ በጉዞው ላይ ስለተገደለ መጽሐፉን በ1899 ያሳተሙት በሕይወት የተረፉት ቫኑቴሊና ቺቴርኒ ናቸው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጬ ካርታቸውን አብሬ እዘረጋለሁ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይነበብም።

የካርታ እጥፋት ሲሰነጠቅ ፕላስተር የሚለጥፉ አሉ። ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። በስንዴ ስታርች ሙጫና በስስ የጃፓን ወረቀት ከጀርባው መደገፍ ይሻላል፤ እጁ ያልለመደ ሰው ግን ለባለሙያ ይስጥ።

ከአባት ከአያት የወረሳችሁት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካለ ካርታውን ነጥላችሁ አትሽጡ። ከማን እጅ እንደ መጣ በእርሳስ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ውስጡ አኑሩ። መሸጥ ግድ ከሆነም እንዳለ፣ ከነሙሉ ቅጾቹ ሽጡት፤ ከዚያ በፊት ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይፈልገው እንደሆነ ጠይቁ።