ገንዳው ያለ ባለቤቱ

የጨዋማ ውሃ አኳሪየም አማረኝ ብሎ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ የሳሎኑን ግድግዳ ለክቶ ነው የሚመጣው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «አገር ቤት ስትሄድ ስንት ቀን ትቆያለህ? ቤትህንስ ለማን አደራ ትላለህ?» እዚህ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን፣ የእኛ ሰው ለገና ወይም ለሠርግ ከሄደ በሁለት ሳምንት አይመለስም። ኮራል ደግሞ የባለቤቱን ዕረፍት አያውቅም። ስለዚህ የገንዳውንም መጠን፣ የዕቃውንም ዓይነት የምመርጠው ይህን ጥያቄ ይዤ ነው፦ ባለቤቱ ሳይኖር ስንት ቀን በጤና ይሰነብታል?

የመጀመሪያው ጠላት ትነት ነው። ውሃው ሲተን ጨው አብሮት አይሄድም፤ የቀረው እየጨመረ ጨዋማ ይሆናል። 40 ሊትር ከምትይዝ ገንዳ 2 ሊትር ቢተን፣ በሺህ 35 እጅ የነበረው ጨው ወደ 37 ይጠጋል። ከ450 ሊትር ላይ 4 ሊትር ቢተን ግን ከ35.3 አያልፍም። ሙቀትም፣ የሞተ ዓሣ የሚለቀው አሞንያም በዚሁ ስሌት ነው የሚሄዱት፤ ብዙ ውሃ ጥፋትን ባያስቀረውም ያዘገየዋል። ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል ይባላል። የሚቀለው ለሻጩ ነው።

ትልቁን ግዛ ማለቴ ግን አይደለም። ከ450 ሊትር ላይ አንድ አሥረኛውን ለመለወጥ 45 ሊትር ንጹሕ ውሃና 1.6 ኪሎ ገደማ ጨው ይበቃል። እጥፉ ሲሆን ሥራውም እጥፍ ነው፤ ከረጅም የሥራ ፈረቃ የሚመለስ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚዘለው ይህንኑ ነው። ውሃው ያልተለወጠለት ትልቅ ገንዳ በወጉ ከተያዘ መካከለኛ ገንዳ አይሻልም።

ከሊትሩ ይልቅ ቅርጹን ልብ የሚል ገዢ ጥቂት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት 55 ጋሎንና 75 ጋሎን የሚባሉት ገንዳዎች ርዝመታቸውም ቁመታቸውም አንድ ነው፦ 122 በ53 ሴንቲሜትር። የሚለያዩት ከፊት ወደ ኋላ ባለው ስፋት ብቻ ነው፤ አንዱ 33፣ ሌላው 46 ሴንቲሜትር። በ33 ሴንቲሜትር ላይ ድንጋይ የደረደረ ሰው ግንብ ነው የሚሠራው፤ ከኋላው ውሃ አይዘዋወርም፣ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል፣ ኮራሉም ሲያድግ ከመስታወቱ ይጋጫል። እኔ የምወደው 120 ጋሎኑን፣ ማለትም 450 ሊትር ገደማ የሚይዘውን ነው፤ ርዝመቱ ያው 122 ሆኖ ስፋቱም ቁመቱም 61 ሴንቲሜትር ነው። ከዚያ በላይ ቁመት አልመክርም፤ ክንድ አይደርስም፣ ብርሃኑም ታች ሳይደርስ ይደክማል። ሲገዙም የውሃ መውረጃው በፋብሪካ የተበሳለትን መውሰድ ነው። የብዙዎቹ ርካሽ ገንዳዎች ወለል በሙቀት የጠነከረ መስታወት ስለሆነ መሰርሰሪያ ሲነካው ይበታተናል።

ይህ ገንዳ ከነውሃው፣ ከነድንጋዩና ከነማስቀመጫው ከ600 ኪሎ ያልፋል። በእንጨት ወለል ላይ ከሆነ፣ የወለሉን ተሸካሚ እንጨቶች አቋርጦ፣ ጭነት ወደሚሸከመው ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ። ተከራይ የሆነ ደግሞ አስቀድሞ አከራዩን ያስፈቅድ፤ የመድን ውሉንም ያንብብ።

ምጽዋን የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ያን ሐምራዊ ገላና ቢጫ ጅራት ያለውን የቀይ ባሕር ዓሣ ይጠይቁኛል። ናፍቆታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ዓሣ ቀኑን ሙሉ እየዋኘ አልጌ የሚግጥ፣ ሲያድግ እስከ 25 ሴንቲሜትር የሚደርስ ነው፤ 122 ሴንቲሜትር ለእሱ ጠባብ ጓዳ ነው። እሱን የፈለገ ከኮራሉ በፊት ርዝመቱን ያስብ፤ 180 ሴንቲሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከዕቃው መጀመሪያ የምገዛው ማንም እንግዳ የማያየውን ነው፦ የውሃ ማጣሪያውን። የአርሊንግተን ውሃ የሚመጣው ከዋሽንግተን አኩዌደክት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ በመጋቢት ገደማ ብቻ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይመለሳል። ክሎሪን በባልዲ ሲያድር ይወጣል፤ የክሎሪንና የአሞንያ ጥምር የሆነው ክሎራሚን ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። መጀመሪያ ለእሱ የተሠራ ካርቦን ሊሰብረው ይገባል፤ ሲሰበር የሚቀረውን አሞንያ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው ሬዚን ይይዘዋል። በውሃው የሟሟውን የሚለካው መለኪያ ዜሮ ካላነበበ ያ ውሃ ገንዳ ውስጥ አይገባም።

ማሞቂያ ሁለት ይሁን። ለ450 ሊትር አንድ ባለ 400 ዋት ከማስገባት ሁለት ባለ 200 ይሻላል፤ ሁለቱም ከውጭ በሚቆጣጠር ቴርሞስታት ይታሰሩ። የማሞቂያ ክፉ አመሉ ማብሪያው ተጣብቆ እንደበራ መቅረቱ ነው። ትንሹ ቢጣበቅ ያን ሁሉ ውሃ በአንድ ሌሊት አይቀቅልም፤ አንዱ ቢሞትም ሌላው ያቆያል።

የተነነውን የሚተካው መሣሪያ ግድ ነው፤ ግን ስሌቱን እንሥራ። በቀን 4 ሊትር ከተነነ ለ30 ቀን 120 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚይዝ ዕቃ ከገንዳው ሥር አይገባም። ስለዚህ በየሳምንቱ ብቅ የሚል ሰው የግድ ነው። ለዚያ ሰው የዓሣዎቹን ምግብ ለየቀኑ ከፋፍዬ በመድኃኒት ሣጥን ውስጥ አስቀምጥለታለሁ፤ አደራ የተባለ ሰው፣ በተለይ የእኛ ሰው፣ ሲመግብ እጁ አይሰፍርም። እጁን ውሃ ውስጥ እንዳይከትም እነግረዋለሁ፤ ዞአንቲድ ከሚባሉት ኮራሎች አንዳንዶቹ ሰውን ክፉኛ የሚያሳምም መርዝ አላቸው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ሙቀቱ ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ይህን አካባቢ የመታው ማዕበል አንዳንድ ሰፈሮችን በዚያ ሐሩር ለቀናት ያለ ኤሌክትሪክ አስቀርቷል። መብራት ሲሄድ በራሷ የምትነሳ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ ዋጋዋ ከአንድ ኮራል ያንሳል። ውሃውን ወደ ላይ የሚመልሰው ዋናው ፓምፕ ሲቆም ደግሞ ከላይ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ ከገንዳው ሥር ያለው ጋን መያዝ አለበት፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ሶኬቱን ነቅሎ ማየት ነው።

አረፋ እየሠራ ቆሻሻ ለሚያወጣው ስኪመር ገንዳው ከሚይዘው በላይ ደረጃ የተሰጠውን እገዛለሁ፤ የአምራቾቹ ቁጥር ለጋስ ነው።

የኮራል መብራት መጨረሻ ይምጣ። ድንጋዩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞንያውን እስኪቆጣጠሩ ሳምንታት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ጠንካራ ብርሃን የሚያሳድገው አልጌ ብቻ ነው። ለስላሳዎቹ ኮራሎች በመጠነኛ ኤልኢዲ ይኖራሉ፤ ውድ መብራት የሚጠይቀው አክሮፖራ የሚባለው ጠንካራ ኮራል ነው፣ እሱ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት አይገባም። ይህን ሥራ ጀምረው የሚተዉ ብዙ ስለሆኑ ያገለገለ ጥሩ መብራት በቅናሽ ይገኛል። ያገለገለ ማሞቂያ ግን በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም።