ፍቅርና መድኃኒት

የእንግሊዛዊቱ ደራሲ የሉሲ ፕሬብል «ዘ ኢፌክት» የተባለው ቴአትር በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በለንደን ብሔራዊ ቴአትር ታየ፤ ከዚያም ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ይጫወቱታል። ኮኒና ትሪስታን የሚባሉ ሁለት ወጣቶች አዲስ የድብርት መድኃኒት እንዲሞከርባቸው ፈቅደው ገቡ፤ መጠኑም እየተጨመረ ሲሄድ ተዋደዱ። ያዋደዳቸው ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ቅመም ነውን ወይስ ልባቸው?

በቁሐር ሚካኤልና በፎገራ ሜዳ መስተፋቅር ሲባል ሳይሰማ ያደገ ሰው አይገኝምና፣ ጥያቄው ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። በመስተፋቅር የመጣ ፍቅር የማን ነው? የወዳጁ ወይስ የሥሩ?

ሐኪሚቱ ሎርና፣ ትሪስታን የሚወስደው ባዶ ክኒን ነው ብላ ለኮኒ ነገረቻት። ኮኒም ይህን አምና የራሷን ድርሻ ሰጠችው፤ እርሱ ግን እውነተኛውን መድኃኒት ይወስድ ኖሯልና በዝቶበት ወደቀ፤ ትዝታውም ታወከ።

የሁለቱ ሐኪሞች ክርክር አንዳንድ ጊዜ የትምህርት ቤት ንግግር መስሎ መርዘሙ የቴአትሩ ጉድለት ነው። ፍጻሜው ግን ይክሰዋል። ኮኒ የነገሩትን ወዲያው የሚረሳውን ሰው ሳትሰለች ታስታምማለች። ሰሙ ክኒኑ ነው፤ ወርቁ ማስታመሙ ነው። ፍቅር ከየት እንደ መጣ ጠቢባን ይመርምሩ፤ መጽናቱ ግን የሚታወቀው በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው።