የሚታየው ሰው ወዴት አለ? የቴሌቪዥን ጥናትና የወሎ ረኃብ ፊልሞች

የመጽሐፍ ሐያሲ ድርሰቱን በእጁ ይዞ፣ ገጽ እየገለጠ፣ ያለፈውንም ተመልሶ እያነበበ ይፈርዳል። የቴአትር ሐያሲም ተውኔቱን ደጋግሞ ለማየት ይችላል። ቴሌቪዥን ግን ለሐያሲው እንዲህ ያለውን ዕድል ለረጅም ጊዜ አልሰጠውም። ማታ የታየው ትርኢት ሲነጋ የለም፤ የተቀዳበት ክርም ቢሆን ብዙ ጊዜ ተደምስሶ ሌላ ትርኢት ይቀዳበት ነበር። ቴሌቪዥን በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ለመሆን የዘገየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ንቀት ነው። ብዙ ምሁራን መሣሪያውን ከቤት ዕቃና ከመዝናኛ ለይተው አላዩትም ነበር።

ይህ አመለካከት በጉልህ መለወጥ የጀመረው በ1970ዎቹ ውስጥ፣ በተለይም በብሪታንያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ባህል ጥናት ማዕከል መሪ የነበረው ስቱዋርት ሆል፣ በመስከረም 1973 በሌስተር ከተማ ለተደረገ ጉባኤ አንድ አጭር ጽሑፍ አቀረበ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ሲጨመቅ እንዲህ ነው። የቴሌቪዥን መልእክት እንደ ዕቃ ከላኪ ወደ ተቀባይ ሳይለወጥ አይደርስም። አዘጋጁ በሙያው ልማድና በኅብረተሰቡ አስተሳሰብ መሠረት ትርጉሙን በምስልና በድምፅ ይቋጥረዋል፤ ተመልካቹም በራሱ ኑሮና ዕውቀት መሠረት ይፈታዋል። ቋጣሪው እንዳሰበው የሚፈታው አለ፤ በከፊል ተቀብሎ በከፊል የሚከራከር አለ፤ ፈጽሞ ተቃራኒ አድርጎ የሚፈታውም አለ።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1974፣ ሬይመንድ ዊልያምስ ስለ ቴሌቪዥን ቴክኖሎጂና ባህላዊ ቅርጽ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ዊልያምስ በአሜሪካ ሚያሚ ከተማ አንድ ምሽት ፊልም ለማየት ተቀምጦ ሳለ፣ ፊልሙ በንግድ ማስታወቂያና ወደፊት በሚታዩ ሌሎች ፊልሞች ቅንጫቢ እየተቆራረጠ ሁሉም እንደ አንድ ወንዝ ሲፈስ አስተዋለ። ከዚህም በመነሣት፣ ቴሌቪዥንን አንድ ትርኢት ብቻ ነጥሎ መመርመር እንደማይበቃና ከበፊቱና ከኋላው የሚመጣውም አብሮ መታየት እንዳለበት አስተማረ። ዴቪድ ሞርሊ ደግሞ የሆልን ሐሳብ በተግባር ለመፈተን፣ የአንድ የብሪታንያ የዜና ሐተታ ዝግጅት ሁለት ትርኢቶችን ለ29 ቡድኖች አሳይቶ አወያያቸው። የባንክ ሥራ አስኪያጆች፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች፣ የሙያ ተለማማጆችና ተማሪዎች ነበሩበት። በ1980 የታተመው ጥናቱ የተመልካች አረዳድ ከመደብ አቋሙ በቀጥታ የሚመነጭ አለመሆኑን አረጋገጠ። በአንድ መደብ ያሉ ተለማማጆችና የማኅበር መሪዎች ያንኑ ትርኢት በተለያየ መንገድ ፈትተውት ነበር።

እነዚህ ሥራዎች ለዘርፉ የማዕዘን ድንጋይ ናቸው። ይሁንና የአንድ ንድፈ ሐሳብ ብርታትና ድካም የሚለየው ከተወለደበት ቤት ውጭ ሲፈተን ነው። ለዚህም ከወሎ ረኃብ ፊልም የተሻለ መፈተኛ አይገኝም።

ሆል ጽሑፉን ባቀረበ በወሩ፣ በጥቅምት 1973፣ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረኃብ» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን አቀረበ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የፈጀው የወሎ ረኃብ ከዚያ በፊት ተሸፍኖ የቆየ ነበር። በእንግሊዝ ሳሎን ውስጥ ፊልሙ የተፈታው እንደ ልመና ነው፤ ተመልካቹ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ ገንዘብም ተዋጣ።

ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ነገር ግን እንደነበረ አልታየም። በረኃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና የንጉሠ ነገሥቱ ውሾች ሲመገቡ የሚያሳዩ ትዕይንቶች ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እዚህ ላይ የሐያሲው ዓይን ማረፍ አለበት። የረኃብተኛዋ እናት ፊት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። በለንደን ከፊቷ ቀጥሎ የመጣው የርዳታ ጥሪ ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን ድግስ መጣ። በመጀመሪያው ተመልካቹ መጽዋች፣ በሁለተኛው ዳኛ ሆነ። ዊልያምስ ስለ ፍሰት፣ ሆልም ስለ መቋጠርና መፍታት ያሉት በዚህ ታሪክ እጅግ ይጠናከራል። ዳሩ ግን አንድ ጉድለትም ይገለጣል። ሆል ለአንድ መልእክት አንድ ቋጣሪና ብዙ ፈቺ ነበር ያሰበው። እዚህ ግን አንዱ ተመልካች ቋጠሮውን ፈትቶ ለራሱ ዓላማ ዳግመኛ ቋጠረው። ረኃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር፤ ሁለቱን ያጋጠመው መቀስ ግን የፖለቲካ እጅ ነበረው።

የዚህ መቀስ ባለቤት የነበረው መንግሥት ራሱ ከአሥር ዓመት በኋላ በተራው ተፈተነ። በመስከረም 1984 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ በሰሜን የሚረግፈው ሕዝብ ከበዓሉ ምስል ውጭ ነበር። በጥቅምት 23 ቀን 1984 የማይክል በርክ ዘገባ፣ መሐመድ አሚን ከኮረም ካነሣው ምስል ጋር በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያም በብዙ አገሮች ተሠራጨ። በሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት የዚሁ ውጤት ነው። ከግላስጎው የብዙኃን መገናኛ ጥናት ቡድን ግሬግ ፋይሎ በ1993፣ ሱዛን ፍራንክስም በ2013 ይህንኑ ዘገባ መርምረው ጽፈዋል። በተለይ ፍራንክስ፣ ምስሉ ርኅራኄን ሲቀሰቅስ ጦርነቱንና ፖለቲካውን ወደ ጎን እንዳስቀረ ማሳየቷ ምስጋና ይገባዋል።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ውስጥ አንድ ሰው ቦታውን አላገኘም። ላኪው ተጠንቷል፤ መልእክቱ ተጠንቷል፤ ተመልካቹም በቡድን በቡድን ተቀምጦ ተጠይቋል። ሊሊ ቹሊያራኪ በ2006 ስለ ሩቅ ሰዎች ሥቃይ የጻፈችው ጥልቅ መጽሐፍ እንኳ ከርእሱ ጀምሮ የሚያተኩረው በተመልካቹ ላይ ነው። የሚታየው ሰው ግን የምስሉ ይዘት ሆኖ ቀረ። በ1967 ዓ.ም. የቴሌቪዥን መሣሪያ የነበረው ጥቂት ከተሜ ነው፤ ፊቱ ዙፋን ያናወጠው የወሎ ገበሬ ያንን ፊት ለማየት አልታደለም። በለንደን አልተጠየቀም፤ በአዲስ አበባም አልተጠየቀም።

ለሙታን ጥያቄ አይቀርብም፣ የተራበንም ሰው መመርመር ነውር ነው የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ሆኖም ከሞት የተረፉ አሉ፤ ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸውም አሉ። ሰውየው ሲቀረጽ ለምን እንደሆነ ተነግሮት ነበርን? ስሙ ተጽፏልን? በውጭ ዘጋቢ ፊልሞች እንደሚዘወተረው ንግግሩ በተርጓሚ ድምፅ ሲሸፈን፣ ከሥር የቀረው ቃል ምን ይላል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ እንግሊዛዊው ምሁር ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። አማርኛና ትግርኛ የሚሰማ ጆሮ ግን ሁለቱን ድምፅ ባንድነት አዳምጦ፣ የተባለውንና ተባለ የተባለውን ሊለይ ይችላል። ለዘርፉ ከዚህ አገር ሊበረከት የሚችለው ዕውቀት እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሥራ ግን ያለ መዝገብ አይሆንም። በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ከነሐሴ 1968 ጀምሮ የቴሌቪዥን ዜና እየቀዳ በማስቀመጡ ተመራማሪዎች ያለፈውን ምሽት እንደ መጽሐፍ ሊገልጡት ችለዋል። ያልተቀመጠ ፊልም አይተችም፤ ቀኑና አቀናባሪው ያልተመዘገበለት ፊልምም በማንኛውም መቀስ እጅ ይወድቃል። መምህሩ አንዱን ምስል ከሁለት የተለያዩ ጎረቤቶች ጋር አጋጥሞ ለተማሪዎቹ ቢያሳይ፣ ከብዙ ሐተታ የበለጠ ያስተምራል። የፊልም ባለሙያውም የቀረጸውን ሰው ስምና ቃል ከምስሉ ጋር ቢያኖር፣ ለነገው ሐያሲ ትልቅ ውለታ ይውላል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል የአገራችን ሰው። የቴሌቪዥን ጥናት የነገሩን ግንድና ቅርንጫፍ በትጋት መርምሯል። ሥሩ ግን በመሣሪያው ፊት ቆሞ የታየው ሰው ነው፤ እርሱ ተጠይቆ እስኪናገር ድረስ ጥናቱ ምሉዕ አይሆንም።