የታኖስ ልጅ፦ በቀልና ውርስ በአንድ የአሜሪካ ኮሚክ ውስጥ

ኮሚክ በመባል የሚታወቀውን የሥዕል ትረካ እንደ ሕፃናት መጫወቻ ቆጥሮ ማለፍ በእኛ ምሁራን ዘንድ የተለመደ ነው። ይሁንና እዚህ ኮንኮርድም ሆነ በኦክላንድና በሳን ሆዜ፣ በስደት ምድር ያደጉ ልጆቻችን ስለ ሥልጣን፣ ስለ ክፋትና ስለ ፍትሕ ያላቸውን ግንዛቤ በከፊል የሚቀስሙት ከእነዚሁ ገጾች ነው። ስለዚህም ልብ ወለድን በምንመዝንበት ሚዛን ልንመዝናቸው ይገባል። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት ክፉ አባቷን ለመበቀል የምታሳድደውን የጋሞራን ታሪክ ነው።

ጋሞራ እ.ኤ.አ. በ1975 በጂም ስታርሊን ተፈጥራ በማርቭል ኅትመቶች ላይ የታየች ገጸ ባሕርይ ናት። ወገኖቿ ሲያልቁ ብቻዋን የቀረችውን ሕፃን ታኖስ የተባለው የሞት አፍቃሪ አንሥቶ ያሳድጋታል። የሚያሳድጋት ግን ለመሣሪያነት ነው፤ የሚያወርሳትም የመግደልን ጥበብ ነው። ዓላማውን በተረዳች ጊዜ ትነሣበታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው ታሪክም በእርሱ እጅ ትወድቃለች። እንደ ኮሚክ ልማድ፣ በኋላ ከሞት ትመለሳለች።

የዚህ ታሪክ ሁለት ተቃራኒ ፍጻሜዎች በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ቀርበዋል። «ኢንፊኒቲ ዎር» በተሰኘው ፊልም ታኖስ የሚሻውን ኃይል ለማግኘት ሲል እያለቀሰ ልጁን ከገደል ይወረውራል። ጌሪ ደጋን ጽፎት ማይክ ዴኦዳቶ በሣለው «ኢንፊኒቲ ዎርስ» በተባለው ኮሚክ ግን ረኩዊየም የምትባል ጭምብል ለባሽ የታኖስን አንገት በሰይፍ ትቀላለች። ጭምብሉ ሲወልቅ ጋሞራ ሆና ትገኛለች።

ተራ ደራሲ ቢሆን ታሪኩን እዚህ ላይ በቋጨው ነበር። ደጋን ግን አባቷን የገደለችው ልጅ ከዚያ በኋላ ምን እንደምትሆን ይጠይቃል። ጋሞራ በአንደኛው የኃይል ድንጋይ ውስጥ ታስሮ የቀረውን የነፍሷን ክፋይ ለማስለቀቅ ድንጋዮቹን ሁሉ ለመሰብሰብ ትነሣለች፤ መንገድ የዘጋባትን ወዳጇን በሰይፍ ትወጋለች፤ በመጨረሻም ዓለምን እንደ ጨርቅ አጥፋ ሁለት ሁለት ነፍሶችን በግድ አንድ ታደርጋለች። አባትየው የፍጡራንን ግማሽ ማጥፋት ይሻ ነበር፤ ልጅቱ በሌላ መንገድ እዚያው ትደርሳለች። ታኖስ ሞቷል፤ ሥራውን ግን ገዳዩ ቀጥላበታለች። በእኔ አስተያየት የኮሚኩ ብርታት ይህ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ አይርቅም። ፍትሕ የአባትና የልጅ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያለቁት ወገኖቿ ቁጥር እንጂ ስምና ድምፅ የላቸውም፤ ታኖስም ስለ ሠራው ሥራ ሳይጠየቅ፣ ሳይመልስ ይሞታል። አንባቢው ከሰይፍና ከዝምታ በቀር ሦስተኛ መንገድ አይታየውም።

«አብዮት ልጆቿን ትበላለች» የሚለውን አነጋገር በሕይወቱ ላየ ትውልድ ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም። ሦስተኛውን መንገድ ከእኛው መካከል የሄዱበት አሉና። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ከተገረፉት መካከል አንዲት ኢትዮጵያዊት፣ ከዓመታት በኋላ በአትላንታ በምትሠራበት ሆቴል ውስጥ የቀበሌና የከፍተኛ ሹም የነበረውን ቀልቤሳ ነገዎን ተቀጥሮ ሲሠራ አገኘችው። እርሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1990 ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1993 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ካሣ ፈረደላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው። ተከሳሹም እ.ኤ.አ. በ2006 ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ።

ፍርድ የተገረፈ ገላን እንዳልነበረ አያደርግም። ሆኖም እነዚህ ሴቶች በገዛ ስማቸው፣ ያለ ጭምብል ቆመው መሰከሩ፤ ተከሳሹ መልስ እንዲሰጥ ተጠየቀ፤ የተፈጸመውም በመዝገብ ሠፈረ። ገራፊያቸውን ሲያሳድዱ ጅራፉን አልተዋሱትም። ጋሞራ ያልቻለችው ይህን ነበር።

ልጆቻችን የጋሞራን ታሪክ ማንበባቸው አያስከፋም፤ የበቀልን ዋጋ በሚገባ ያሳያቸዋል። የሦስቱ ሴቶች መዝገብ ከጎኑ ተነባቢ እንዲሆንላቸው ማድረግ ግን የማርቭል ሳይሆን የእኛ ፈንታ ነው፤ ያን ዘመን ያየን ሰዎች ገና በሕይወት ሳለን።